አዲስ ሃይብሪድ መኪና ላይ ሂችና የተሳቢ መብራት ማስገባት፦ ሞክሮ ያየ አለ?

ቨርጂኒያ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ ቶዮታ ራቭ ፎር ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን) ገዛን፣ የአዲስነት ሽታው እንኳ ገና አልወጣም። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ የድግስ ምግብ ትሠራለች። ሠርግ በሉት፣ ክርስትና በሉት፣ የተገኘውን። እስካሁን ድስቱንም ወንበሩንም ድንኳኑንም የምናመላልሰው በወንድሟ ቫን ነበር። እሱ ደግሞ ባለፈው ወር ቫኑን ሸጦት አረፈ። ስለዚህ ሂች (ከመኪናው ኋላ ተሳቢ የሚያያዝበትን ብረት) አስገብቼ ትንሽ ተሳቢ ልጎትት አሰብኩ።

ሦስት ሰው ጠየቅሁ፣ ሦስት መልስ አገኘሁ። መኪናውን የሸጠልን ልጅ "ሃይብሪድ አይጎትትም፣ ሂች ካስገባህ ዋራንቲህ ይሰረዛል" አለኝ። አንድ ጋራዥ ደወልኩ፣ "አምጣው፣ በአንድ ሰዓት እንጨርሰዋለን፣ የኋላ መብራቱን ሽቦ ላጥ ላጥ አድርገን እንቀጥልበታለን" አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ "ትልቁን ባትሪ ነክተህ ልጆችህን ያለ አባት እንዳታስቀር" ብሎ ጭራሽ አስፈራራኝ።

የቱን ልመን? ክሪክም ቁልፍም አለኝ፣ ዘይትና የፍሬን ሸራ ራሴ ነው የምቀይረው። ኤሌክትሪክ ግን እፈራለሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ጋሽ_ቡሎን

ልጄ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ አሁን ሜሪላንድ ነኝ፣ ጡረታ ልወጣ ትንሽ ቀርቶኛል። ሦስቱም ሰዎች ግማሽ ግማሽ ነገር ነው የነገሩህ።

"ሃይብሪድ አይጎትትም" የሚለውን እርሳው። አሜሪካ የተሸጠው ያንተ ዓይነት ራቭ ፎር ሃይብሪድ (ከ2019 እስከ 2025 ሞዴል ያለው) 1,750 ፓውንድ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። የእነዚያው ዓመታት ተራ የቤንዚን ራቭ ፎር 1,500 ነበር። እንግዲህ ሃይብሪዱ ይበልጣል ማለት ነው። የልጁ ነገር ከምን እንደመጣ ይገባኛል፣ አንዳንድ ሃይብሪድ በእርግጥ ትንሽ ነው የሚጎትተው፣ የሆንዳው ሲአርቪ ሃይብሪድ ለምሳሌ 1,000 ፓውንድ ነው። የቶዮታ ሃይላንደርና ሲዬና ሃይብሪድ ደግሞ 3,500 ድረስ ይሄዳሉ። ስለዚህ "ሃይብሪድ" በሚለው ቃል አይፈረድም፣ የየመኪናው ማኑዋል ነው የሚያወራው።

ዋራንቲውን በተመለከተ፣ ማግኑሰን ሞስ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፣ ከ1975 ጀምሮ ያለ ነው። ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ዕቃ ስለገጠምክ ብቻ ዋራንቲህን ሊሰርዙብህ አይችሉም። የተበላሸው ነገር በዚያ ዕቃ ምክንያት መበላሸቱን ማሳየት አለባቸው። ግን ልብ በል፣ ሽቦ ቆርጠህ ቀጥለህ ኮምፒውተሩን ካቃጠልከው ምክንያቱ አንተ ነህ፣ ያኔ ሕጉም አያድንህም። ለዚህ ነው "ላጥ ላጥ እናድርገው" ካሉህ ሰዎች ሽሽ የምልህ።

ሽቦ መላጥ ድሮ እኛም ስንሠራው የኖርነው ነው። ፒጆ ላይ፣ አሮጌ ኮሮላ ላይ ምንም አይልም። የድሮው መብራት ወፍራም አምፖል ነበር፣ ሽቦውም ወፍራም፣ በመሃል ፊውዝና ስዊች ብቻ። ያሁኑ መኪና የኋላ መብራቱ ኤል ኢ ዲ ነው፣ የሚልከውም ጥቂት ኃይል ነው፣ ያንንም ኮምፒውተር ይቆጣጠረዋል። እዚያ ላይ የተሳቢ አምፖሎች ጨምረህ ስትጭንበት ወይ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ወይ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል፣ ወይ ደግሞ ውድ የሆነው ሳጥን ይሞታል።

መፍትሔው የራሱ ኃይል ያለው መቀየሪያ ሳጥን ነው። ለመኪናህ ሞዴል ተብሎ የተሠራውን ግዛ። ከመብራቱ "አሁን ፍሬን ተረገጠ፣ አሁን የግራ ፍሬቻ በራ" የሚለውን ወሬ ብቻ ይሰማል። ተሳቢውን የሚያበራበትን ኃይል ግን በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ባትሪ በራሱ ፊውዝ በኩል ይወስዳል። የመኪናው ኮምፒውተር ከኋላ ተሳቢ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

መኪናውን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ? እሱን የሚነካው ሥራ የለም። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ኬብል ካየህ ግን የትልቁ ባትሪ ነውና እጅህን ሰብስብ። ያንተ አራቱም ጎማ የሚገፋው ዓይነት ከሆነ ከኋላም ሞተር አለው፣ ስለዚህ ብርቱካናማ ኬብል ከመኪናው ሥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ሂቹን ስታስገባ አትደገፍበት፣ ሽቦህንም አብረህ አትሰረው።

ሚጡ_ሲያትል

ወንድሜ እኔ ያንተኑ መኪና ይዤ ነው የሠራሁት፣ የ2021 ነው። ሂቹን መጀመሪያ የገዛሁት ለልጆቹ ብስክሌት ማንጠልጠያ ነበር፣ ተሳቢው በኋላ መጣ። ባለቤቴና እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጀምረን ማታ ጨረስን። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው በ40 ደቂቃ ነው የጨረሰው፣ እንዳትታለሉ።

ጋሽ ቡሎን ካሉት ላይ የምጨምረው፣ ሃይብሪድ መሆኑ ሽቦውን እንዲያውም ቀላል ነው ያደረገው! የቤንዚኑ መኪና ባትሪ ፊት ለፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ የኃይል ሽቦውን ከኋላ እስከ ፊት መጎተት አለብህ። የሃይብሪዱ 12 ቮልት ባትሪ ግን ከኋላ ዕቃ መጫኛው በቀኝ በኩል ነው ያለው። የእኔ ሽቦ ከግማሹ በላይ ተርፎ ጠቅልዬ ነው ያሰርኩት።

አሁን ደግሞ እንዳትስቁብኝ። ሥራ ስትጀምር የ12 ቮልቱን ባትሪ ነጌቲቭ ትፈታለህ አይደል፣ እኔም ፈታሁ። ከዚያ ዝናብ ጣል ሲያደርግ የኋላውን በር ዘጋሁት። በሩ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው! ባትሪው ደግሞ ውስጥ ተፈትቶ ተቀምጧል። በሜካኒካል ቁልፉ የፊቱን በር ከፍተን፣ ቀጭን ነሽ ተብዬ በኋላ ወንበር ላይ ተንጠልጥዬ ገባሁ፣ ባለቤቴ ውጭ ቆሞ ይስቃል። ስለዚህ ባትሪው ተፈትቶ እያለ የኋላውን በር እንዳትዘጋ። የመኪናውን ቁልፍም አርቀህ ቤት ውስጥ አስቀምጠው፣ ኪስህ ውስጥ ሆኖ መኪናው አንተን ባየ ቁጥር እንዳይነቃ።

ሽቦው ራሱ መቁረጥ የለውም። የጎን ፕላስቲኩን ትከፍታለህ፣ የመብራቱን ሶኬት ትነቅላለህ፣ አዲሱን መሃል ትሰካለህ፣ በግራም በቀኝም። ከባዱ ፕላስቲኩን ሳይሰበር መክፈት ነው። በብረት ካቻቢቴ አትሞክር፣ የፕላስቲክ መክፈቻ ግዛ፣ ርካሽ ነው።

ቨርጂኒያ_ነኝ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሚጡ አንቺም ተባረኪ፣ ባለቤቴ የበሩን ታሪክ ሳነብላት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

አሁን ግራ የገባኝ ሂቹ ላይ ነው። አንዱ 1 ከሩብ ኢንች ቀዳዳ ያለው ነው፣ ሌላው 2 ኢንች ሆኖ 3,500 ፓውንድ ይችላል ይላል። ትልቁን ብገዛ የበለጠ እጎትታለሁ ማለት ነው?

ጋሽ_ቡሎን

አይደለም! ይሄ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሂቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር የብረቱ ነው እንጂ የመኪናህ አይደለም። አህያ ላይ የግመል ኮርቻ ብትጭን አህያው ግመል አይሆንም። መኪናው 1,750 ካለ 1,750 ነው። ከመኪናው፣ ከሂቹ፣ ተሳቢው ከሚቀመጥበት የብረት ኳስና ከተሳቢው ትንሹን ቁጥር ያዝ፣ እሱ ነው ገዢው።

2 ኢንቹን ግዛ ግን፣ በሌላ ምክንያት። የብስክሌት ማንጠልጠያውም ሌላውም ዕቃ ለሱ በብዛት ይገኛል።

ስታስገባው ማርሚታውን ከጎማ ማንጠልጠያው አውርደህ ዝቅ ታደርገዋለህ። ማንጠልጠያው እንቢ ካለህ ሳሙና ውሃ ቀባው፣ በመዶሻ አትታገለው። ከሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ጥቂት ሊቆረጥ ይችላል። ቡሎኑን በግምት አታጥብቅ። መመሪያው ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ የቶርክ ቁልፍ ከሌለህ ተዋስ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም መልሰህ ፈትሸው። ብረቱ ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው ደግፎ ይያዝልህ፣ ብቻህን ደረትህ ላይ አድርገህ እንዳታነሳው፣ እኔ በወጣትነቴ ሞክሬዋለሁ፣ ወገቤ እስከዛሬ ያስታውሰኛል።

ፍራንክፈርት_77

ሰላም ከጀርመን። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እዚህ አውሮፓ ያንኑ ራቭ ፎር ሃይብሪድ፣ አራቱም ጎማ የሚገፋውን፣ 1,650 ኪሎ ጎትት ብለው ነው የሚሸጡት። ኪሎ ነው ያልኩት፣ ፓውንድ አይደለም! የእናንተ 1,750 ፓውንድ 800 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ያው መኪና አይደለም እንዴ? አሜሪካኖች ለምን ይፈራሉ?

ጋሽ_ቡሎን

ጥሩ ጥያቄ ነው። መኪናው ይመሳሰላል፣ አጎታተቱ ግን አይመሳሰልም። ጀርመን ውስጥ ተሳቢ ጎትተህ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው የተፈቀደልህ፣ ልዩ ፈቃድ ካለህ 100። እዚህ ሕዝቡ ተሳቢ ጎትቶ በ70 ማይል ይከንፋል፣ 112 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ተሳቢው ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሂቹ ላይ እንዲጫን ነው የሚፈለገው፣ በፍጥነት ሲሄድ ጅራቱን እንዳይወዘውዝ። አውሮፓ ከዚያ ያነሰ ነው። ከኋላ ብዙ የሚጫነው መኪና ደግሞ ጠቅላላ የሚጎትተው ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ የእናንተ 1,650 ፍሬን ላለው ተሳቢ ነው፣ እዚህ የሚከራየው ትንሹ ተሳቢ ፍሬን የለውም።

ስለዚህ ቨርጂኒያ ተቀምጦ የጀርመንን ቁጥር ይዞ የሚከራከር ሰው፣ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ፊት የሚያነበው የጀርመን ማኑዋል የለውም።

ፍራንክፈርት_77

አሁን ገባኝ። እኔም የራሴን ሳስገባ ሶኬቱ 13 ቀዳዳ ነበር፣ ከዚያ መካኒኩ ኮምፒውተር ሰክቶ ለመኪናው "ተሳቢ ይዘሃል" ብሎ ነገረው። አሁን ተሳቢው ሲሰካ የኋላ ሴንሰሩ በራሱ ዝም ይላል። የእናንተ 4 ሽቦ በጣም ቀላል ነው፣ ቀናሁ።

ጋሽ_ቡሎን

የኛው 4 ሽቦ ቀላል ስለሆነ ነው ሁሉም ሰው የሚነካካው። ነጩ ማሳ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ነጌቲቭ። ቡናማው ፓርኪንግ። ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን። እዚህ አገር በብዙ ትንንሽ ተሳቢዎች ላይ ፍሬንና ፍሬቻ አንድ አምፖል ነው የሚጋሩት። ለየብቻ መብራት ያለው መኪና ላይ ሁለቱን የሚያዋህደውም ያው ሳጥኑ ነው።

ከአሥር የተሳቢ መብራት ችግር ሰባቱ ማሳ ነው ብል አላጋነንኩም፣ በእጄ ካለፈው ልምድ ነው የምናገረው። ነጩን ሽቦ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ካሰርከው ፍሬቻ ስታበራ ሁሉም መብራት አብሮ ይርገበገባል፣ ሰይጣን የገባበት ይመስላል። ብረቱን በሸካራ ወረቀት ፍቀህ አስረው። ፊውዙን ደግሞ መጨረሻ ላይ አስገባ፣ ሁሉም ነገር ከታሰረ በኋላ።

ቨርጂኒያ_ነኝ

እሺ፣ አሁን ሒሳብ። ከዩ ሆል (ተሳቢ ከሚያከራየው ኩባንያ) 4 በ8 ጫማ የሆነውን ዝግ ተሳቢ ልከራይ ነው ያሰብኩት፣ ባዶውን 850 ፓውንድ ነው ብለውኛል። ዕቃችን፦ 40 ወንበር፣ አንዱ 9 ፓውንድ ገደማ፣ 360። ድንኳኑ ከነብረቱ 120። ሁለት ትልልቅ የበረዶ ሳጥን ሞልተው 200። ድስት፣ ምድጃ፣ ትሪ፣ ሞሰብ 150። የውሃ ጠርሙስ ስድስት እሽግ፣ እያንዳንዱ 44 ስለሆነ 264። ሳልዋሽ ስደምረው 1,094 መጣ። ከተሳቢው ጋር 1,944። አለፈ።

ሚጡ_ሲያትል

ውሃውን እዚያው ግዙት! ውሃ ተሸክሞ ሁለት ካውንቲ መሻገር ምን የሚሉት ነው። እሱ ሲወጣ 1,680 ሆነ፣ አለቀ።

ጋሽ_ቡሎን

ሚጡ ልክ ነሽ። ግን 1,680ም ጫፍ ላይ ነው። ያ 1,750 ሲለካ መኪናው ውስጥ ሾፌርና አንድ ሰው ብቻ እንዳሉ ታስቦ ነው። አንተ ባለቤትህን፣ ሁለት አስተናጋጅና አማትህን ጭነህ ከሆነ የሾፌሩ በር ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እይ። የሰዎቹም፣ መኪናው ውስጥ ያለው ዕቃም፣ ተሳቢው ሂቹ ላይ የሚጫነውም ክብደት አንድ ላይ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ማኑዋሉ ውስጥ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ለብቻው የተጻፈም አለ፣ ሳትከራይ በፊት እሱን አንብበው። ምናልባት ከዝጉ ይልቅ ክፍቱን ቀላል ተሳቢ ታገኝ ይሆናል፣ ሸራ አልብሰው።

ስትጭን ከባዱን ወደ ፊት። ከግማሽ በላዩ፣ 60 በመቶው፣ ከተሳቢው መሃል ወደ መኪናው በኩል ይሁን። ወንበሩን ከኋላ፣ የበረዶ ሳጥኑን ከፊት። ሰንሰለቶቹን ከሥር አጠላልፈህ እሰራቸው።

በረዶ_ሚኒያፖሊስ

ዝም ብዬ ነበር የማነበው። አንድ ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። ወንድም መኪናው ስንት ማይል ሄዷል?

ቨርጂኒያ_ነኝ

310። ለምን?

በረዶ_ሚኒያፖሊስ

ቶዮታ ማኑዋሉ ላይ አዲስ መኪና የመጀመሪያዎቹን 500 ማይል ተሳቢ እንዳይጎትት ይላል። ሂቹንና ሽቦውን አሁን አስገባ፣ ችግር የለም፣ መጎተቱን ግን አቆየው። ስትጎትትም መጀመሪያ ላይ ቀስ በል።

ሌላው፣ ቁልቁለት ላይ ሃይብሪድ እየሞላ ስለሚወርድ ፍሬኑን ራሱ የያዘው ይመስልሃል። ባትሪው ከሞላ ግን ያ መያዝ ይቀንሳል። ብሉ ሪጅ ተራራ አካባቢ ስትወርድ ማርሹን "S" የሚለው ላይ አድርገህ ሞተሩ እንዲይዝህ አድርግ፣ ፍጥነትህን ከመውረድህ በፊት ቀንስ። እኔ ሜዳ አገር ነው የምኖረው ግን ኮሎራዶ ሄጄ ተምሬዋለሁ፣ ፍሬኔ ሸቶ ሸቶ።

ቨርጂኒያ_ነኝ

500 ማይሉን አላውቅም ነበር! የመጀመሪያው ሠርግ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ለሱ ቫን እከራያለሁ፣ ምን ይደረጋል። አመሰግናለሁ።

ቨርጂኒያ_ነኝ *(ከአምስት ሳምንት በኋላ)*

ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ። ሂቹን ከባለቤቴ ወንድም ጋር አስገባነው፣ ቫኑን ስለሸጠ ዕዳ አለበት ብዬ ነው የጠራሁት። ስድስት ሰዓት ፈጀብን፣ ሁለቱ የጠፋ ዳዶ ፍለጋ ነበር። ሽቦውን ራሴ አስገባሁ፣ አንድም አልቆረጥኩም። የኋላውን በርም አልዘጋሁም ሚጡ!

ከዚያ ስሞክረው የግራ ፍሬቻ ሲበራ የቀኙም አብሮ ደብዘዝ እያለ ይበራል። ልቤ ቀጥ አለ፣ ኮምፒውተሩን ያቃጠልኩ መሰለኝ። የጋሽ ቡሎን ቃል ትዝ አለኝና ነጩን ሽቦ ፈታሁት፣ ከሥሩ ቀለም ነበር። ፍቄ አሰርኩት፣ ወዲያው ተስተካከለ።

ተሳቢውንም ክፍት የሆነ ቀላል አሮጌ ከአንድ ሰው ገዛሁ። ባለፈው ቅዳሜ 650 ፓውንድ ያህል ጭኜ ደርሶ መልስ 60 ማይል ሄድኩ። ስወጣ የኋላው ሴንሰር ተሳቢውን እንቅፋት መስሎት ጩኸቱን አቀለጠው፣ ከሜኑ ውስጥ አጠፋሁት፣ የጎን መስታወቱንም ማስጠንቀቂያ አብሬ አጠፋሁ። ነዳጁ በልቷል፣ ግን የቫን ኪራይ አይደርስም።

ጋሼ አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ተሳቢ ሳልይዝ የ4ቱን ሽቦ ጫፍ የት ላድርገው? አሁን ከሥር ተንጠልጥሏል።

ጋሽ_ቡሎን

ጎበዝ። እንዳታንጠለጥለው፣ መንገድ ይበላዋል፣ ጨውም ይገባበታል። ወደ ውስጥ መልሰህ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር አስቀምጠው፣ ስትፈልገው በበሩ ሥር አውጥተህ በላዩ ትዘጋዋለህ። የበሩ ጎማ አይጎዳውም።

ሚጡ_ሲያትል

እንኳን ተሳካልህ። አሁን ሂች እንዳለህ ሰው ሰምቷል ወይስ ገና ነው?

ቨርጂኒያ_ነኝ

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አራት ሰው ሶፋ አለኝ ብሎኛል። አንዱ የሚገባበት ፎቅ ሦስተኛ ነው፣ ሊፍት የለውም።